ሥዕሉና ፍርዱ፦ የልብ ጡንቻ ሕመም የምስል ምርመራ መመሪያ ከአቀስታ ሲነበብ

የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የካርዲዮማዮፓቲ መመሪያ፣ ማኅበሩ የልብ ጡንቻ ሕመም ዓይነቶችን ሁሉ በአንድነት አጠቃልሎ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ሰነድ ነው። በኤሌና አርቤሎና በሁዋን ፓብሎ ካስኪ ሊቀ መንበርነት የተመራ የባለሙያዎች ቡድን ያዘጋጀው ይህ መመሪያ በነጻ የሚነበብ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ለሚሠራ ሐኪምም ከእጅ ስልኩ የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ መመሪያ የሚመዘነው በተጻፈበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በሚነበብበትም ቦታ ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰነዱ ስለ ምስል ምርመራ የሚሰጠውን ትምህርት ከአቀስታ አንጻር መመርመር፣ የሚሠራውንም ከማይሠራው መለየት ነው።

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚያመራው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ብርዳማ ደጋ ነው። በወረዳው ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ ገብስ እያመረተ፣ በግ እያረባ፣ እንጨት በመመናመኑም ኩበት እያነደደ ይኖራል። ትንፋሹ አጥሮ፣ እግሩ አብጦ የሚመጣ ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚታየው በጤና መኮንን ወይም በጠቅላላ ሐኪም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ምርመራ ሲያስፈልግ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ደሴ፣ እዚያም ካልተቻለ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ለጉዞው በግ ይሸጣል፤ አስታማሚ ዘመድ ሥራውን ትቶ ይከተለዋል። ስለዚህ ‹‹የትኛው የምስል ምርመራ ይቅደም?›› የሚለው ጥያቄ በዚህ ስፍራ ሲጠየቅ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጥያቄ ነው።

መመሪያው የሚመሰገንበት

የካርዲዮማዮፓቲ ትርጉም ባለፉት አራት ዐሥርተ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የልብ ሕክምና ማኅበራት የጋራ ቡድን ሕመሙን ‹‹መንስኤያቸው ያልታወቀ የልብ ጡንቻ ሕመሞች›› በሚል ወሰነው። በ1995 ደግሞ ትርጉሙ ሰፍቶ ከልብ ሥራ መጓደል ጋር የተያያዙ የጡንቻ ሕመሞችን ሁሉ አካተተ። የአውሮፓው ማኅበር በ2008 ያቀረበውና በ2023ም መሠረቱን የጠበቀው ትርጉም ከዚህ ይለያል። በዚህ ትርጉም መሠረት የልብ ጡንቻ በቅርጹም በሥራውም የታመመ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ለታየው ጉዳት በቂ ምክንያት የሚሆን የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የደም ግፊት፣ የልብ በሮች ሕመም ወይም አብሮ የተወለደ የልብ ጉድለት መኖር የለበትም።

ይህ ትርጉም ለገጠር ሐኪም ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ዋጋ አለው። ምክንያቱም የምስል ምርመራ የመጀመሪያ ሥራው ‹‹ካርዲዮማዮፓቲ አለ›› ማለት ሳይሆን ‹‹ሌላ አይደለም›› ማለት መሆኑን ያስተምራል። መመሪያው በሁለተኛ ደረጃ አጥብቆ የሚያሳስበው፣ በምስል የታየው ገጽታ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ‹‹ልቡ ሰፍቷል›› ወይም ‹‹ግድግዳው ወፍሯል›› የሚል ቃል የገጽታ መግለጫ ነው። ከጀርባው አልኮል፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን እጥረት፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ችግር ወይም በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ሊኖር ይችላል። ‹‹ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል›› የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ዓይን ያየውን ሁሉ ፍርድ አድርጎ መቀበል ግን መመሪያውም የሚቃወመው ስሕተት ነው።

መመሪያው የሚተችበት

ሰነዱ ለአቀስታ አንባቢ የሚከብደው የምስል ምርመራዎችን ቅደም ተከተል ሲዘረዝር ነው። ኢኮካርዲዮግራፊን የመጀመሪያ ምርመራ ካደረገ በኋላ፣ ካርዲዮማዮፓቲ ያለበት ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ግምገማ በማቅለሚያ መድኃኒት የታገዘ የልብ ኤም.አር.አይ. እንዲነሣ በከፍተኛው የምክር ደረጃ ያዛል። የምክሩ ሳይንሳዊ መሠረት የማያከራክር ነው። ኤም.አር.አይ. በጡንቻው ውስጥ የተደበቀውን ጠባሳ፣ ብግነትን፣ የብረት ክምችትንና አሚሎይድ የተባለውን ባዕድ ፕሮቲን ሌላ መሣሪያ በማይችለው መጠን ያሳያል። የጠባሳው መጠንና ቦታ ለድንገተኛ ሞት ያለውን ስጋት ለመገመትም ይረዳል።

ችግሩ ምክሩ ማሽኑ ለሌለው አንባቢ መውረጃ መሰላል አለመዘርጋቱ ላይ ነው። ‹‹ለሁሉም ይደረግ›› የሚል ትእዛዝ ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ሲነበብ ከሁለት አንዱን ያስከትላል። አንዱ ሐኪሙ መመሪያው እርሱን እንደማይመለከተው ቆጥሮ ሰነዱን በሙሉ መተዉ ነው። ሌላው ደግሞ ሙሉው ምርመራ እስኪገኝ ድረስ የሚቻለውንም ሳያደርግ መቆየቱ ነው። ሁለቱም ሕመምተኛውን ይጎዳሉ።

ይህ ክፍተት በግልጽ የሚታየው መመሪያው በአዲስ ስም ባስገባው የሕመም ክፍል ላይ ነው። የግራው ታችኛ የልብ ክፍል ሳይሰፋ ጠባሳ ወይም ስብ በጡንቻው ውስጥ የተገኘበት ሰው ካሁን በኋላ ራሱን የቻለ የካርዲዮማዮፓቲ ዓይነት እንዳለበት ይቆጠራል። ጠባሳውን የሚያሳየው በዋናነት ኤም.አር.አይ. በመሆኑ፣ የዚህ ሕመም መኖር በማሽኑ መኖር ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ማሽኑ በሌለበት አገር ሕመሙም የሌለ ይመስላል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ለምርምር ቢጠቅምም፣ የሕመም ስርጭትን በአገሮች መካከል ለማወዳደር ሲውል አሳሳች ውጤት እንደሚሰጥ ሰነዱ ራሱ ሊያስገነዝብ ይገባው ነበር።

‹‹ልብህ ተልቋል›› የሚለው ፍርድ

መውረጃ መሰላል በሌለበት ቦታ የምስል ምርመራ ጨርሶ አይቆምም፤ ባለው መሣሪያ ላይ ይወድቃል። ያም መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የደረት ራጅ ነው። የልብ ጥላ ስፋት ከደረት ስፋት ጋር ተነጻጽሮ ከግማሽ ከበለጠ ልብ ተልቋል የሚለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1919 በዳንዘር የቀረበ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላም በየሆስፒታሉ በሥራ ላይ ይገኛል። መለኪያው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን የሚለካው ጥላን እንጂ ጡንቻን አይደለም።

ሕመምተኛው ተኝቶ ወይም ትንፋሹን በሚገባ ሳይስብ የተነሣ ፊልም ጤናማውን ልብ ትልቅ አድርጎ ያሳያል። በሌላ በኩል ግድግዳው ወደ ውስጥ የወፈረ ወይም የደነደነ ልብ ከውጭ ሲታይ መጠኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የከፋው ግን በልብ ሽፋን ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ የተበላሸ የልብ በርና የደከመ ጡንቻ በአንድ ፊልም ላይ ተመሳሳይ ትልቅ ጥላ መስጠታቸው ነው። ሦስቱ የተለያየ ሕክምና የሚሹ ሕመሞች ‹‹የልብ መተለቅ›› በሚል አንድ ስም ይጠራሉ።

የዚህ መደባለቅ ስፋት በጥናት ይታያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 12 ሆስፒታሎች በድንገተኛ የልብ ድካም የተኙ 1,006 ሰዎችን የተከታተለውና በ2012 የታተመው ጥናት፣ በ45.4 በመቶው የልብ ድካሙ መነሻ የደም ግፊት፣ በ14.3 በመቶው በጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመም፣ በ7.7 በመቶው የልብ ደም ሥር መጥበብ መሆኑን አመልክቷል። መንስኤው ያልታወቀ የልብ መስፋት 18.8 በመቶ፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘው የልብ ጡንቻ ሕመም 7.7 በመቶ ነበር። እንግዲህ ከሕመምተኞቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መመሪያው ከካርዲዮማዮፓቲ ትርጉም ውጭ በሚያደርጋቸው ምክንያቶች የታመሙ ነበሩ ማለት ነው። የእነዚህ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ገደማ መሆኑ፣ ሕመሙ በሥራ ላይ ያለውን ትውልድ እንደሚያጠቃ ያሳያል።

የተሳሳተ ስም የሚያስከትለው የተሳሳተ መድኃኒት ነው። በልብ ሽፋን ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ልብን ሲያስጨንቅ ፉሮሴማይድ መስጠት ሞትን ሊያፋጥን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ውኃውን በመርፌ ማውጣትና መንስኤውን፣ በተለይም ቲቢን፣ ማከም ነው። ሚትራል የተባለው የልብ በር የጠበበበት ወጣት የልብ ምቱ እንዲረጋጋ መደረግ፣ በየወሩ ወይም በየሦስት ሳምንቱም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መውሰድ ይገባዋል፤ ‹‹የልብ ጡንቻ ሕመም›› ተብሎ ሲመዘገብ ግን መርፌው ይቀርበታል። ግድግዳው ወፍሮ የደም መውጫውን ያጠበበበት ሰው የደም ሥር የሚያሰፋና ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ሲሰጠው ሊብስበት ይችላል። እነዚህን ሰዎች የሚለየው ከራጅ ያለፈ፣ ከኤም.አር.አይ. ግን ብዙ ያነሰ ምርመራ ነው።

መካከለኛው መንገድ

ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የተባሉት ተመራማሪዎች በስዊድን ሉንድ ከተማ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እያነሰ፣ እየቀለለ መጥቶ ዛሬ ከኪስ የሚገባ ሆኗል። በኢትዮጵያ አልትራሳውንድ ለእርግዝና ክትትል ከከተማ ውጭ ባሉ የጤና ተቋማትም እየተለመደ መጥቷል። ያው መሣሪያ በተገቢው የምርመራ እጀታና ሥልጠና ወደ ደረት ሲዞር ምን ሊያሳይ እንደሚችል ግን ገና በስፋት አልተሠራበትም።

ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተገኘው ልምድ ተስፋ ይሰጣል። በሞዛምቢክ ኢንሃሪሜ በተባለው ገጠር ተመራማሪዎች ማሽኑን ወደ ሕዝቡ ወስደው 1,063 ሰዎችን በኢኮ ሲመረምሩ፣ የልብን የውስጥ ገበር የሚያደነድነው የኢንዶማዮካርዲያል ፋይብሮሲስ ሕመም በ19.8 በመቶው ላይ መገኘቱን በ2008 አሳትመዋል። አብዛኞቹ ሕመሙ የተገኘባቸው ሰዎች ምንም ስሜት አልነበራቸውም። በሩዋንዳ ደግሞ በወረዳ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች በቀለለ የኢኮ ምርመራ በመታገዝ የልብ ድካም ሕመምተኞችን ሲለዩና ሲያክሙ ቆይተው፣ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ከሕመምተኞቻቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የልብ ጡንቻ ሕመም የተገኘባቸው ሲሆኑ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም በሁለተኛነት ተከትሏል። የሩዋንዳው ሥራ ትልቁ ትምህርት፣ ምርመራው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች በቁጥር ጥቂት፣ እያንዳንዳቸውም ከአንድ የሕክምና ርምጃ ጋር የተያያዙ መሆን እንዳለባቸው ማሳየቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት በአቀስታም ሆነ በመሰል ከተሞች የሚሠራ ባለሙያ አምስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይበቃዋል። አንደኛ፦ በልብ ሽፋን ውስጥ ውኃ አለ ወይ? ሁለተኛ፦ የግራው ታችኛ ክፍል ሲጨመቅ ኃይሉ ደህና ነው፣ ቀንሷል ወይስ በጣም ደክሟል? ሦስተኛ፦ ይህ ክፍል ሰፍቷል ወይስ ግድግዳው ወፍሯል? በአዋቂ ሰው 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውፍረት፣ የደም ግፊት የማያስረዳው ሲሆን፣ ግድግዳን የሚያወፍረውን የካርዲዮማዮፓቲ ዓይነት ያመለክታል። አራተኛ፦ ሚትራል በር በሚገባ ይከፈታል ወይ? አምስተኛ፦ የቀኙ ክፍል ከግራው በልጦ ይታያል ወይ? እነዚህን ለመመለስ የልብን ግፊት በአሐዝ መለካት ግዴታ አይደለም፤ የሠለጠነ ዓይን ብዙውን ይለያል።

የዚህ ጥቅም በአራሶች ዘንድ ጎልቶ ይታያል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ትንፋሽ የሚያጥራት እናት በቤቷ ‹‹ብርድ መታት››፣ በጤና ተቋም ደግሞ ‹‹የሳንባ ምች ነው›› ልትባል ትችላለች። ሌላ ምክንያት ሳይገኝ የልቧ የመጭመቅ አቅም ከ45 በመቶ በታች ከሆነ ግን ሕመሙ ከወሊድ ጋር የተያያዘ የልብ ጡንቻ ድካም ነው። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ልባቸው ያላገገመላቸው ግን ዳግም ማርገዛቸው ለሕይወታቸው ያሰጋል። ስለዚህ ምስሉ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከወራት በኋላም ደግሞ መነሣት አለበት። በአንድ የራጅ ፊልም ብቻ ‹‹ከእንግዲህ አትውለጅ›› የተባለች የገጠር ሴት ትዳሯም፣ በቤተሰቧ ዘንድ ያላት ስፍራም የሚናጋ በመሆኑ ፍርዱ በትክክለኛ ምርመራ ላይ መቆሙ የሙያ ግዴታ ነው።

የደጋ ልብና የቤተሰብ ሐረግ

ከአቀስታ አንጻር ሁለት ነገሮች ተጨማሪ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። በኢትዮጵያ በ3,700 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን በኢኮ የመረመረው የሆይትና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በደገኞቹ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ይህም የደም ሥሩ ጠቦ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈው ደም በመብዛቱ መሆኑን በ2011 አመልክቷል። ስለዚህ የደጋ ነዋሪ ቀኝ ልብ ላይ የሚታይ መጠነኛ የግፊት ከፍታ ሁሉ ሕመም አይደለም። በዚያው አንጻር፣ በዝግ ቤት ውስጥ የኩበት ጭስ ለዓመታት ሲተነፍሱ የኖሩ እናቶች፣ ወይም ቲቢ ሳንባቸውን ጠባሳ ያለበሰባቸው ሰዎች ቀኝ ልባቸው በእውነት ሊታመም ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የሕመም ታሪክና የሳንባ ምርመራ ከምስሉ ጋር ተዳምሮ ነው። በቆላ አገር ሰዎች ላይ የተለካ አማካይ ያለ ማስተካከያ ወደ ደጋ ሲመጣ ጤነኛውን ሊያሳምም፣ የታመመውንም ሊሸፍን ይችላል።

ሁለተኛው የቤተሰብ ሐረግ ነው። መመሪያው የሦስት ወይም የአራት ትውልድ ታሪክ እንዲጠየቅ ያዛል። ይህ ምክር ምንም ማሽን አይሻም። ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በተለመደበት ኅብረተሰብ ውስጥ ለአንድ የገጠር ሽማግሌ የቅድመ አያቱን ልጆች መዘርዘር አይከብደውም። የሚከብደው ጥያቄውን በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ‹‹በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም አለ?›› ሲባል ‹‹የለም›› የሚለው ሰው፣ ‹‹ሳይታመም በወጣትነቱ በድንገት ወድቆ የቀረ፣ መጋኛ መታው የተባለ ዘመድ አለ?›› ሲባል ሊያስታውስ ይችላል። ግድግዳን የሚያወፍረው ዓይነት በዘር ሲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የአንድ ሰው ትክክለኛ ምርመራ የወንድሞቹንና የልጆቹንም ልብ ለማየት በር ይከፍታል። በእነርሱ ላይ ሲሆን 13 ሚሊ ሜትር ውፍረትም ትርጉም አለው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

‹‹ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ የሚያካሂደው ከፊል ምርመራ ስሕተት ያበዛል›› የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ክብደት አለው። የቀለለ ኢኮ ጠባሳን፣ አሚሎይድንና መጠነኛ የበር ጉዳትን አያሳይም፤ በአዲስ ሠልጣኝ እጅም ‹‹ደህና ነው›› የሚል ሐሰተኛ ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ንጽጽሩ በቀለለው ኢኮና በሙሉው ምርመራ መካከል አይደለም። በገጠር ያለው እውነተኛ ምርጫ በቀለለው ኢኮና ‹‹ልብህ ተልቋል›› በሚለው የራጅ ፍርድ መካከል ነው። ከፊል ምርመራ አሁንም እየተካሄደ ነው፤ የሚጎድለው ከፊልነቱን ማመን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የምርመራ ውጤት ሦስት መስመር ቢኖረው መልካም ነው፤ የታየው፣ ያልታየውና ገና ያልተወሰነው። ‹‹ገና ያልተወሰነ›› ብሎ መጻፍ ድክመት አይደለም፤ ቀጣዩ ሐኪም ከየት እንደሚጀምር የሚነግር የሙያ ሐቀኝነት ነው።

በሪፈር ሰንሰለት ላይ ብቻ መተማመን አደገኛ መሆኑንም የቅርብ ጊዜ ታሪክ አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ከደሴ በስተምዕራብ ላሉት ወረዳዎች ይህ ማለት የሰንሰለቱ ዋና ቀለበት ተበጠሰ ማለት ነበር። ዕውቀትና ቀላል መሣሪያ በየደረጃው ተከፋፍለው ቢቀመጡ ግን አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይሠራል።

በአጠቃላይ ሲታይ የ2023ቱ መመሪያ በአስተሳሰቡ ጠንካራ፣ በአፈጻጸም መሰላሉ ግን ጎደሎ ነው። ሕመሙን በገጽታው ጀምሮ ወደ መንስኤው መከተልን፣ ሌሎች ምክንያቶችን አስቀድሞ ማጥራትን፣ ቤተሰብን አብሮ ማየትን ማስተማሩ በለጋምቦም በሉንድም እኩል ይሠራል። ኤም.አር.አይ.ን ለሁሉም ማዘዙ ግን ማሽኑ በሌለበት ቦታ ከምክርነት አያልፍም። ይህን መሰላል መሥራት የአገሪቱ የሙያ ማኅበራትና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ድርሻ ነው። በጤና ጣቢያ የሕመም ታሪክ፣ የደም ግፊትና የቤተሰብ ሐረግ፤ በወረዳ ሆስፒታል ኢ.ሲ.ጂ.ና አምስቱ ጥያቄዎች፤ በሪፈራል ሆስፒታል ሙሉ ኢኮ፤ በመጨረሻም ውጤቱ ሕክምናውን የሚለውጥላቸው ተለይተው ለኤም.አር.አይ. ቢላኩ፣ በጉን ሸጦ የሚጓዘው ሰው በእርግጥ መጓዝ የሚያስፈልገው ብቻ ይሆናል። እስከዚያው ግን በአቀስታ ያለ ባለሙያ ማንንም ሳይጠብቅ ሊጀምረው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ‹‹የልብ መተለቅ›› የሚለውን ቃል በሕመም ስም ቦታ መጻፍን ማቆም፣ በምትኩም ‹‹የተለቀው ምኑ ነው? ለምንስ ተለቀ?›› ብሎ መጠየቅ።